ከመኝታ በፊት የምትቀርበው ሳህን

ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢ አብሮኝ ከኖረ በኋላ ሐኪሜ «ጉበትዎ ጠባሳ ይዟል፤ ሲሮሲስ ነው» ሲለኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ምግብ መቀነስ ሆነ። መካሪ አልጠፋም። ሥጋ ተው፣ እንቁላል ተው፣ ወተት ተው፣ ቅባት በአጠገብህ አይለፍ። ሁሉንም ሰማሁና ስድስት ወር ገደማ በቅቅል አትክልት፣ በነጭ ሩዝና በፍራፍሬ ኖርኩ። እራቴን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከበላሁ እስከ ማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ከውሃ በስተቀር ምንም አልቀምስም። ጉበቴን ማሳረፌ ነበር።

ሚዛን ላይ ስወጣ ደግሞ ኪሎዬ አልወረደም፤ እንዲያውም ሁለት ኪሎ ጨምሬአለሁ። ደስ አለኝ። ግን ከእጄ አንጓ ንቅንቅ የማይለው ሰዓቴ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ወደ ክርኔ መንሸራተት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ቀበቶዬ ጠበበኝ። ሁለቱን ነገር አገናኝቼ ለማሰብ አእምሮዬ አልመጣልኝም።

ያገናኘችልኝ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት። የላይኛውን ክንዴን በሜትር ለካች፣ «እጄን አጥብቀው ይጨብጡኝ» አለች፣ ጨበጥኳት፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሚዛኑ የሚቆጥርልዎ ሆድዎ የቋጠረውን ውሃ ነው። ጡንቻዎ ግን እያለቀ ነው» አለችኝ። ቀጥላ ማታ ስንት ሰዓት እንደምበላ ጠየቀችኝ። ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

ያስረዳችኝን በራሴ ቋንቋ ልበለው። ጤነኛ ጉበት ቀን ከበላነው ስኳር ያጠራቅምና ሌሊቱን ሙሉ ለሰውነት ቀስ እያለ ያካፍላል። ጠባሳ የሞላው ጉበት ግን ማጠራቀሚያው ጠቧል። ገና ሳይነጋ ስንቁ ያልቃል፤ ሰውነት ደግሞ ሳይበላ አያድርምና ፊቱን ወደ ጡንቻ ያዞራል። የሲሮሲስ ሕመምተኛ አንድ ሌሊት ባዶ ሆዱን ሲያድር፣ ሰውነቱ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደጾመ ያህል ይሆናል። እኔ በየሌሊቱ እንዲህ እያደረግሁ «አሳረፍኩት» እል ነበር። ጡንቻ ደግሞ ለጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጉበት ያቃተውን አሞኒያ የተባለ አእምሮ የሚያደነዝዝ መርዝ ከደም በማጽዳት ያግዘዋል። ጡንቻዬን ስጨርስ ረዳቱንም እየጨረስኩበት ነበር።

አዲሱ ሥርዓት የተለካው ውሃው ሳይቆጠር ባለኝ ክብደት ነው፤ 60 ኪሎ ገደማ። ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን፣ ከ30 እስከ 35 ካሎሪ። ለእኔ ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል እንደሚሰጥ ስሰማ፣ ያ ሁሉ የቅቅል አትክልት ወር በዓይኔ ላይ መጣ። እንቁላሉ፣ እርጎው፣ ምስሩ፣ ዓሣውና ዶሮው ተመለሱ። ቀን ላይ በሁለት ምግብ መካከል ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አላሳልፍም። ከሁሉ በላይ ግን ከመተኛቴ በፊት የምትበላ አንዲት ሳህን ታዘዘችልኝ፤ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ከትንሽ ፕሮቲን ጋር።

ወረቀት ላይ ቀላል ናት። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ግን ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ይጠግባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዳቦ እንደ መድኃኒት አኘክሁ። ሁለት ሌሊት አስመልሶኛል። የሠራልኝ ነገር ሦስት ነው፦ እራቴን አሳነስኩት፣ ስልኬን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንዲጮህ ሞላሁት፣ ሳህኗንም ቀደም ብዬ አዘጋጅቼ ክዳን ደፍቼባት አጠገቤ አኖርኳት። ደክሞኝ እያለ ተነስቼ ማብሰል ካለብኝ እንደማልበላ ራሴን አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ጨው ያልገባበት የኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶ ከአንድ ሙዝ ጋር ነው፤ ሲሰለቸኝ በወተት የተቀቀለ አጃ።

ጨው ሌላ ጦርነት ነበር። ሆዴ ውሃ በመቋጠሩ ሐኪሜ በቀን ከ2 ግራም ሶዲየም እንዳላልፍ አዘዘኝ፤ ወደ ጨው ሲመነዘር 5 ግራም፣ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ገደማ። የጨው ዕቃውን ከገበታ አነሳሁና የጨረስኩ መሰለኝ። ሆዴ ግን አልጎደለም። አንድ ቀን ጠዋት ማሸጊያዎችን ሰብስቤ፣ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ጨዉ ዳቦው ውስጥ፣ አይቡ ውስጥ፣ የታሸገው ባቄላ ውስጥ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለቤቴ «ጨው የለውም ብዬ ነው» እያለች ወጡን የምታጣፍጥበት የሾርባ ኪዩብ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ከሆነ በ2.5 ሲባዛ ጨዉን ይሰጣል። ይህችን ስሌት ከማወቄ በፊት ቁጥሩ ትንሽ እየመሰለኝ ስሸወድ ኖሬአለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። «ሶዲየም የሌለው ጨው» የሚባለውን ገዝቼ እንደልቤ ነሰነስኩ። በሶዲየሙ ፈንታ ያለው ፖታሲየም ነው፤ እኔ ደግሞ ውሃውን እንዲያስወጣልኝ የምወስደው ስፓይሮኖላክቶን ራሱ ፖታሲየምን በደም ውስጥ የሚያቆይ መድኃኒት ነው። በወሩ የደም ምርመራ ላይ ፖታሲየሜ ጨምሮ ታየና ሐኪሜ ያን ጨው በዚያው ቀን አስጣለኝ። ለልብ አደገኛ ነው። አሁን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ ነው የምበላው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡ ሁሉ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ባለሙያዋ፣ ጨው መቀነሱ ምግብ እስከማስተው ከደረሰ ጉዳቱ እንደሚብስ ነግራኝ ትንሽ አላላችልኝ፤ ምላሴ ከለመደ በኋላ ተመለስኩበት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ግማሽ ቀን ስፈልግ ዋልኩ፤ ንግግሬም ተንቀራፈፈ። ቤተሰቡ «ይኸው ሥጋው ነው!» ብሎ ሳህኔን ሊቀንስ ተነሳ። ጥፋተኛው ሥጋው አልነበረም። አራት ቀን ሙሉ ሰገራ አልወጣሁም ነበር፤ ሰገራ ሲቆይ አሞኒያውም አብሮ ይቆያል። ሰገራ የሚያለሰልሰውን ሽሮፕ፣ ላክቱሎሴን፣ ጣፋጭነቱ አንገሽግሾኝ ትቼው ነበር። አሁን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ ብሎ እንዲወጣ አድርጌ እወስደዋለሁ፣ ማፈሩንም ትቼ እቆጥራለሁ። ፕሮቲኑ አልተቀነሰም፤ ከሥጋው ይልቅ ወደ ጥራጥሬና ወደ ወተት ተዋጽኦ አዘነበለ እንጂ።

የቀረው አጭር ነው። አልኮል ጠብታም የለም። «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ የሚመጣልኝን ቅጠልና ዱቄት ሁሉ አመስግኜ እመልሳለሁ። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ ወይም እህል አልበላም፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ጥሬ የባሕር ቀንድ አውጣና የመሳሰለውንም አልነካም። ራሴን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን ከመዋጥ ሐኪም እጠይቃለሁ። ቡና ግን አልተከለከልኩም፤ ያን ቀን ከክሊኒኩ እየዘፈንኩ ነው የወጣሁት።

ጉበቷ ቅባት የያዘ ጓደኛዬ የማታ ሳህኔን ልትቀዳ ፈልጋ ነበር። ለእሷ የታዘዘላት ኪሎ መቀነስ ነው። ስሙ አንድ የሆነ አካል ቢያመንም ሳህናችን ለየቅል ነው አልኳትና ሐኪሟን እንድትጠይቅ ላክኋት።

አዲሱን ሥርዓት ከጀመርኩ ዘጠነኛውን ወር ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ባለሙያዋ ክንዴን ስትለካ ሜትሩ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ጨመረ። ሰዓቴ አሁን ወደ ክርኔ አይሄድም፤ ማሰሪያው ግን ወደ ድሮው ቀዳዳ ለመመለስ ገና አንድ ይቀረዋል።