ሁለታችንም አውራንጋባድ ነን

ዴልሂ ማስተርሴን ስማር የሆነ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፑኔ ይማር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሕንድ ውስጥ፣ አንድ አገር እየኖርን አልተገናኘንም። እናቶቻችን በስልክ "እንዴት ቢጨክኑ ነው?" እየተባባሉ ስማችንን ሲያነሱ ከረሙ። በመጨረሻ ደወለልኝና "በእረፍቱ አውራንጋባድ እንገናኝ" አለኝ። "ከዚህ በአውቶቡስ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። የማሊክ አምባርን ከተማ ሳናይ ወደ አገራችን ብንገባ ነውር ነው።"

እውነቱን ነው። ማሊክ አምባር የኛው አገር ልጅ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ደካን የሚባለው የደቡብ ሕንድ አምባ ምድር ደረሰ። እዚያ ወታደር ሆነ፣ የጦር አለቃ ሆነ፣ በኋላም የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ። በ1626 እስኪሞት ድረስ የሰሜን ሕንድ ገዢዎቹን ሞጎሎችን እንቅልፍ የነሳ ሰው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1610 የራሱን ከተማ ቆረቆረ። ባድካል የሚባለው በሩ ዛሬም ቆሟል። እሱ ሥር ተቃቅፈን ፎቶ ልንነሳ ተቀጣጠርን።

ትኬት ለመቁረጥ ሰፈራችን ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ።

"አውራንጋባድ" አልኩት ሰውየውን።

ቀና ብሎ አየኝና "ቢሃር?" አለ።

የኔ ሂንዲ ያኔ ከሻይ ቤት አያልፍም። "ባሃር" ማለት ውጭ ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ አከራዬ ጫማዬን ውጭ እንዳወልቅ በየቀኑ የምትጮህብኝ በዚያ ቃል ነው። እና "የውጭ ዜጋ ነህ?" ያለኝ መሰለኝ።

"አዎ፣ ከኢትዮጵያ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሰውየው ግራ ገባው። "ቢሃር?" አለ እንደገና፣ ረገጥ አድርጎ።

"አዎ አልኩህ እኮ! ባሃር!" ፓስፖርቴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከዚህ በላይ ምን ልሁን?

ቆረጠልኝ። መድረሻው "አኑግራህ ናራያን ሮድ" ይላል። ምንድን ነው ስለው "የአውራንጋባድ ጣቢያ ነው" አለኝ። አልዋሸም። ይሄንን በኋላ ሳስበው ነው የሚያናድደኝ፣ ሰውየው አንዲት ቃል አልዋሸም።

ባቡሩ ላይ ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ልጆቻቸውና ከምራታቸው ጋር ተቀምጠዋል። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። አውራንጋባድ ስላቸው ፊታቸው በራ። የነሱም ከተማ ናት።

"ዘመድ አለህ እዚያ?"

"ዘመድማ የለኝም። ግን ከተማችሁን የቆረቆራት የአገሬ ሰው ነው።"

ፀጥ አሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ፀጥታ ካገኘሁ አልመለስም። አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛና በእጄ አስተማርኳቸው። ልጁ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ሞጎሎችን እንዴት እንዳስጨነቃቸው፣ ውኃ ከሩቅ በቦይ ስቦ እንዴት ከተማዋን እንዳጠጣ። ታላቁ ልጅ ይተረጉማል፣ ምራትየዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታዳምጣለች። ታናሹ ስልኩ ላይ ይጽፍ ነበር። ሽማግሌው በየመሃሉ "አቻ፣ አቻ" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስልሳ ዓመት ኖረውባት አንድም ሰው እንዳልነገራቸው አጫወቱኝ።

ጠዋት ስነቃ መስኮቱ ላይ የሩዝ ማሳ ተዘርግቷል። ደረቅ አምባ ምድር ነው ብዬ ነበር ያነበብኩት። ዝናብ ጥሎ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሶን የሚባለውን ወንዝ ተሻገርን፤ ድልድዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ አላልቅ አለ። ይሄንንስ ካርታው ላይ አላየሁትም። ቢሆንም ከታሰበው ሰዓት ቀድመን መድረሳችን አስደስቶኝ ዝም አልኩ።

እንደወረድኩ ደወልኩ።

"ደረስኩ! የት ነህ?"

"እንዴ፣ ቀደምክ! ጣቢያው በር ላይ ነኝ፣ ሻይ ሻጩ አጠገብ።"

"እኔም ሻይ ሻጩ አጠገብ ነኝ።"

"አላየሁህም። ቢጫው ሰሌዳ ሥር ቁም።"

"ቆሜያለሁ እኮ!"

"አትቀልድ፣ እኔም ሥሩ ነኝ!"

ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ተነታረክን። እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ፤ አንድ ሪክሾ ነጂ መጣ። የአክስቴ ልጅ ተናዶ እናቱ ጋ ደወለ፣ አክስቴ እናቴ ጋ ደወለች፣ እናቴ እኔ ጋ።

"ሁለታችሁም አውራንጋባድ ነን ካላችሁ ምን ቸገራችሁ? ተጣልታችሁ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ!"

ይሄን ጊዜ ሽማግሌው ጠጋ ብለው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ልናየው የመጣነውን በር ስም አስጠሩኝ፤ ባድካል አልኳቸው። ከዚያ በልጃቸው በኩል ቀስ ብለው፣ እንደ ሐኪም፣ አረዱኝ። የኔዋ አውራንጋባድ ያለችው ማሃራሽትራ የሚባል ግዛት ነው። ይቺ ቢሃር የሚባለው የሌላው ግዛት ናት። በመካከላቸው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በዚህ ላይ ኡታር ፕራዴሽም አንድ አላት፣ ቤንጋልም አንድ አላት። "አባድ" በፋርስኛ ሰው የሰፈረበት ቦታ ማለት ነው፤ የዚያ አገር ገዢዎች ስማቸውን ከፊቱ እየቀጠሉ ሲሰጡ ኖረዋል።

"እማዬ፣ አውራንጋባድ ብዙ ነው" አልኳት።

"ከተማ እንዴት ብዙ ይሆናል?"

"አዲስ አበባ ስንት ሚካኤል አለ?"

"ሚካኤልማ አንድ ነው፣ ቤቱ ነው የበዛው" ብላ ዘጋችብኝ።

ሽማግሌው ጥለውኝ አልሄዱም። ቤታቸው ወስደው ሊቲ አበሉኝ። ስሟም ከሊጥ አትርቅም፤ ክብ ሊጥ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ሳቱ ተጠቅጥቆ ፍም ላይ ትጠበሳለች። ሳቱ ምንድን ነው ብዬ ዱቄቱን ቀምሼ ሳየው በሶ! ተቆልቶ የተፈጨ፣ የሽምብራ ይሁን እንጂ በሶ ነው። በውኃና በጨው በጥብጠው በብርጭቆ ሲሰጡኝ እንባዬ መጣ። ለአክስቴ ልጅ ፎቶውን ላክሁለት። እሱ ብቻውን ባድካል በር ሥር ቆሞ የተነሳውን ላከልኝ፤ ፊቱ የተቀጣ ተማሪ ይመስላል።

ያ ቤተሰብ ግን ያሳስበኛል። ይቅርታ ጠይቄ ታሪኩን ላርም ብሞክርም ሽማግሌው "አይ፣ ልክ ነው" ብለው አልሰማ አሉ። ቢሃር ውስጥ ከተማቸውን ኢትዮጵያዊ እንደቆረቆራት የሚያምኑ ሰዎች ካገኛችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

በ2023 የማሃራሽትራዋ ስሟ ተቀይሮ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች። የአክስቴ ልጅ ዜናውን ልኮልኝ ከሥሩ "ከእንግዲህ አትጠፋም" ብሎ ጻፈ። ቢላት ይበላት፣ መጀመሪያም አውራንጋባድ አልነበረችም። የሞጎሎቹ ልዑል አውራንግዜብ ነው በ1653 የደካን ገዢ ሆኖ ሲመጣ በራሱ ስም የጠራት። ከዚያ በፊት የማሊክ አምባር ልጅ ፋቴህ ካን ፋቴህናጋር ብሏት ነበር። አባትየው ራሱ ሲቆረቁራት ያገኛት ስም ኻድኪ ነው።

ኻድኪ። የአክስቴ ልጅ ፑኔ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖርበት ሰፈር ስሙ ኻድኪ ነው፣ የባቡር ጣቢያም አለው። ያንን ትኬት ቆራጭ በድሮው ስም ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ቤቱ በር ላይ ያወርደኝ ነበር።