አውሎ ነፋስ ቤሪልን ስንጠብቅ

ኪንግስተን፣ ጃማይካ፣ ጁላይ 2፣ 2024። ዛሬ መስኮት ላይ ጣውላ ስንመታ ዋልን። ጎረቤቴ አሮጊቷ ምስማሩን በጣሳ ይዘው አንድ በአንድ ያቀብሉኛል። በ1988 ጊልበርት የተባለው አውሎ ነፋስ የቤታቸውን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶታል። ቆርቆሮው ሲላቀቅ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሯቸው አልወጣም።

ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ውሃ ሞላን። ሻማ ከየሱቁ አልቋል።

በየ3 ሰዓቱ ከማያሚው የአውሎ ነፋስ ማዕከል የሚወጣውን መግለጫ ስልኬ ላይ እከፍታለሁ። ቤሪል ነገ በደቡብ ጠረፋችን በኩል ያልፋል ይላል። ትናንት የግሬናዳዋን ደሴት ካሪያኩን እንዳልነበረች አድርጓታል። ምስሉን ካየሁ ወዲህ እህል አልወርድልህ ብሎኛል።

አሁን መሽቷል። ቅጠል እንኳን አይነቃነቅም፤ ዝምታው ይበልጥ ያስፈራል። ልጄ ጫማዬን አላወልቅም ብላ እንዳደረገች ተኝታለች። እኔም አላወለቅኩላትም።