አን አርበር ላይ ቤት ስንፈልግ

ባለቤቴን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀበላት። "እንኳን ደስ ያላችሁ" ሳያልቅ የቤት ነገር መጣ። የምንነሳው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራው ታች ካለው ሱቅ፣ ዘመዱ ከላይ ፎቅ። ዩኒቨርሲቲው ያለባት ከተማ አን አርበር ላይ ግን የምናውቀው አንድ ሰው አልነበረም።

መካሪ አልጠፋም። ሁሉም ግን የሚያወራው ስለ ተማሪዋ ነው። ካምፓስ ይቅረባት፣ ላይብረሪ ይቅረባት። እሷማ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ የምትፈልገው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ አለላት። ያለችንን አንድ መኪና ደግሞ እኔ ወደ ሥራ ይዣት እሄዳለሁ። ቤት የሚውሉት ልጆቹና ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት አማቴ ናቸው። ስለዚህ ቤት ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ይህንን ሆነ፦ እማማ ያለ መኪና፣ ያለ እንግሊዝኛ፣ ከዚህ በር ወጥተው የት ይደርሳሉ?

መሀል ካምፓስ ዙሪያ ያለውን ሰፈር ቶሎ ተውነው። ተማሪው ለመጪው ኦገስት የሚገባበትን ቤት ከብዙ ወር በፊት ተፈራርሞ ጨርሷል። የእኛ ደብዳቤ የመጣው ማርች ላይ ነው፤ የቀረው ፍርፋሪ ነበር። ደግሞ አንዱን ቤት አምስት ተማሪ በነፍስ ወከፍ እየከፈለ ሲከራየው፣ ባለ አንድ ደሞዝ ቤተሰብ እንዴት ይችለዋል? ኳሱም አለ፤ የእነሱን ኳስ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ማለቴ ነው። የከተማው ሕዝብ 120,000 ገደማ ሲሆን ስታዲየሙ 107,601 ሰው ይይዛል። የጨዋታ ቅዳሜ ስታዲየሙ አጠገብ ያለ ሰው የግቢውን ሣር ለመኪና ማቆሚያ ያከራያል። ባለ ግቢ ብንሆን እኛም አንጠላውም ነበር።

ቀጥሎ ኢፕሲላንቲን አየን። በስተምሥራቅ ያለች ጎረቤት ከተማ ናት፤ ኪራይዋ ረከስ ይላል። በዋሽተኖ ጎዳና የሚመላለሰው 4 ቁጥር አውቶቡስ አን አርበር ያደርሳል። ወደናት ነበር። ግን ልጆቹን ያሰብንላቸው የአን አርበር ትምህርት ቤቶችን ነው፣ የትምህርት ቤቶቹ ድንበር ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ደላላ አድራሻው "አን አርበር" የሚል ቤት አሳየንና "ትምህርት ቤቱም የአን አርበር ነው" ብሎ ማለልን። ባለቤቴ አድራሻውን ከትምህርት ቤቶቹ ካርታ ጋር ስታስተያየው ቤቱ የሌላ የትምህርት ቤት ክልል ሆኖ ተገኘ። የፖስታ አድራሻና የትምህርት ቤት ድንበር እዚህ አይገጥሙም። ደላላ እዚህም ደላላ ነው።

"ለምን አትገዙም?" ያሉንም ነበሩ። አንዱን ቤት አይተን ግብሩ በማነሱ ተገረምን። ነገሩ ወዲህ ነው። ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በጸደቀ ሕግ ምክንያት ባለቤቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግብር የሚታሰብበት የቤት ዋጋ በዓመት ከዋጋ ንረቱ ወይም ከ5 በመቶ፣ ካነሰው በላይ አይጨምርም። ቤቱ ሲሸጥ ግን በሚቀጥለው ዓመት ገደቡ ይነሳና የገበያው ዋጋ ግማሽ ላይ ይታሰባል፤ ለዓመታት በገደቡ ተይዞ የቆየው ግብር ያን ጊዜ ያሻቅባል። ሃያ ዓመት የኖሩበት አዛውንት የሚከፍሉትን አይታችሁ በጀት ከያዛችሁ ጉድ ነው የሚፈላው። እኛም ተማሪዋ እስክትጨርስ ብለን መግዛቱን ተውነው።

መጨረሻ ላይ ሰሜን ካምፓስ ገባን፤ ኖርዝዉድ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው የቤተሰብ መኖሪያ። ቤቱ የሚያኮራ አይደለም። ሽንኩርት ሲቁላላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፣ እማማም በፎጣ እያራገቡ ይሳደባሉ። ግን የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ በነፃ ነው፤ መታወቂያ አምጡ የሚል የለም። መጫወቻ ቦታው ላይ ከእሳቸው ጋር የሚቀመጡ አንዲት ቻይናዊ አያት አሉ። አንድ ቃል አይግባቡም። እማማ ቆሎ ይዘው ይወጣሉ፣ ሴትየዋ የሱፍ ፍሬ። ማታ ስገባ ስለ ሴትየዋ ምራት ሙሉ ወሬ ይነግሩኛል። እንዴት እንዳወቁት አትጠይቁኝ።

ከሁሉ የወደድኩላቸው ትራቨርዉድ የሚባለውን የሕዝብ ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ነው። ቦታው ላይ የነበሩትን አሽ የሚባሉ ዛፎች ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ሲጨርሳቸው፣ ግንዶቹን ለወለልና ለምሰሶ አዋሏቸው። ምሰሶዎቹ ላይ የጥንዚዛው ትል የበላበት ጠመዝማዛ መስመር ይታያል። ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉት ይሽቀዳደማሉ፤ እማማ ማሞቂያው አጠገብ ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ፣ የቤት ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ኦገስት መጨረሻ ላይ የተማሪው ውል ሲያልቅ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ መብራቱ ሁሉ መንገድ ዳር ይወጣል። የመጽሐፍ መደርደሪያችን እንደዚያ የተገኘ ነው። ሶፋና ፍራሽ ግን እንዳታነሱ፣ ትኋን አለ።