ቶርኩን ከሰዓት ሳይሆን ከዘንጉ ጋር ማሰር

የቀረበልኝ ማሽን በሲንክሮነስ ሞተር (ሙሉ ፍጥነቱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ፍሪክዌንሲ ጋር በተቆራኘ ሞተር) የሚነዳ ትልቅ የፒስተን ኮምፕሬሰር ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የሚፈጠረው የመጠምዘዝ ንዝረት መጋጠሚያውንና ዘንጉን ይጎዳ እንደሆነ ማስላት ነበረብኝ። ከባድ ክፍሎቹን በኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን በሚቋቋሙበት መጠን)፣ ዘንጎቹን በሞላ መወከል ብዙም አያስቸግርም፤ ልኬቶቹ ሥዕሉ ላይ አሉ። ሥራው የሚከብደው በእኩልዮሹ ቀኝ በኩል የሚገባውን፣ በየቅጽበቱ የሚለዋወጠውን ቶርክ፣ ማለትም ዘንጉን የሚያዞረውን ጉልበት፣ መጻፍ ላይ ነው።

ሲንክሮነስ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ከአማካይ ቶርኩ ጋር የሚዋዥቅ ቶርክም ያወጣል። የመዋዠቁ ፍሪክዌንሲ የስሊፕ ፍሪክዌንሲ እጥፍ ነው፤ ስሊፕ ማለት የሚሽከረከረው ክፍል (ሮተሩ) ከሙሉ ፍጥነቱ ወደኋላ የቀረበት ድርሻ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ከ100 ኸርዝ ይጀምርና ሞተሩ ፍጥነት እየያዘ ሲሄድ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ በመካከል ያለውን የዘንጉን የተፈጥሮ ፍሪክዌንሲ ሁሉ ሳይነካ አያልፍም። የዚህ ማሽን የመጀመሪያው 20 ኸርዝ አካባቢ ስለነበር፣ ሬዞናንሱ (ሁለቱ ፍሪክዌንሲዎች ገጥመው ንዝረቱ የሚጎላበት ሁኔታ) የሚጠበቀው ስሊፑ 0.2 ሲሆን፣ ማለትም ሞተሩ የሙሉ ፍጥነቱ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍሪክዌንሲው በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ100 ወደ ዜሮ በእኩል መጠን ይወርዳል እንበል። የቅጽበቱን ፍሪክዌንሲ በጊዜ አባዝቶ በሳይን ውስጥ ማስገባት ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዚያ መንገድ የተጻፈው ቶርክ በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። 20 ኸርዝን በ8ኛው ሰከንድ መንካት ሲገባው በ4ኛው ይነካል፤ በ5ኛው ዜሮ ደርሶ ተመልሶ ይወጣና በ6ኛው ሰከንድ እንደገና ያገኘዋል። ሬዞናንሱንም በጥድፊያ ስለሚያልፍ የንዝረቱ ከፍታ አንሶ ይታያል፤ አደገኛው ነገር ይህ ነው። ፌዙ፣ ማለትም በሳይኑ ውስጥ የሚገባው ማዕዘን፣ መገኘት ያለበት ፍሪክዌንሲውን በጊዜ ላይ ኢንቲግራል በመውሰድ ነው።

እኔ ፌዙን እንደ አንድ ተጨማሪ ያልታወቀ መጠን ቆጥሬ ከእንቅስቃሴው እኩልዮሾች ጋር አብሬ ፈታሁት፤ የለውጥ ፍጥነቱን ከራሱ ከሮተሩ ፍጥነት እንዲወስድ አደረግሁ። ጭነቱ ከብዶ ማሽኑ ፍጥነት ለመያዝ ሲዘገይ የመዋዠቁ ፍሪክዌንሲም አብሮት ዘግይቶ ይወርዳል። በሰዓት የተጻፈ ሰንጠረዥ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

የኮምፕሬሰሩም ቶርክ እንዲሁ ነው፤ የሚወስነው የክራንኩ ማዕዘን ነው። የጋዙን ግፊት በየዲግሪው አስቀመጥሁ፤ የፒስተኑን የኢነርሺያ ኃይል ግን ለብቻው አሰላሁት፤ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ መቀላቀል ለአንድ ፍጥነት ብቻ ይሠራል።

የስሌቱ መነሻ ቅጽበትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቋሚ ጭነት ባልተጠመዘዘ ዘንግ ላይ በድንገት ቢጫን ጥምዘዛው ከሚገባው እስከ እጥፍ ይደርሳል። ሞተሩ ሲበራ የሚመጣው ምት እውነተኛ ስለሆነ መቆየት አለበት፤ ቀድሞውኑ የነበረን ጭነት ግን ከሚዛኑ ማስጀመር ይገባል። የጊዜ እርምጃዬ 0.25 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ለ100 ኸርዝ ዑደት 40 ነጥብ ማለት ነው። በግማሽ ቀንሼ ደግሜ ሳሰላ ከፍታዎቹ አልተለወጡም።

ዘንጉ ላይ በስትሬን ጌጅ (የብረቱን ጥቃቅን መለጠጥ በሚለካ መሣሪያ) የተለካውን ቶርክ እንደ ግብዓት ለማስገባት የሚፈልግ አይጠፋም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የተለካው የዘንጉ ምላሽ ነው፤ ሬዞናንሱን አስቀድሞ ይዟል፤ ግብዓት ሲደረግ ንዝረቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቦታው የስሌቱን ውጤት መፈተኛ ነው። ከፍታው የታየበት ፍጥነት ከስሌቱ ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ የምመረምረው የዘንጉን ጥንካሬና ኢነርሺያውን ነው። ፍጥነቱ ገጥሞ ከፍታው ብቻ ከተለያየ ግን ወደ ንዝረት ማርገቢያው መጠንና ወደ ሞተሩ የቶርክ መዋዠቅ ስፋት እሄዳለሁ።