ከአዘዞ መልስ

ዛሬ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመለስ የአሮጌዋ ቶዮታዬ የሙቀት ጠቋሚ ከወትሮው ከፍ ማለቱን ስላየሁ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር የታመቀ የፈላ ውሃ ስለሚይዝ ክዳኑን የከፈትኩት በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ውሃው ጎድሏል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አልነበረም። እንዲህ ያለው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲሞቅና ግፊቱ ሲጨምር ብቻ ስለሚታይ ፍለጋው ያደክማል። ያጋለጠው በላይኛው የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ሥር የደረቀው አረንጓዴ የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እድፍ ነበር። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ ማሰር ስላላሳመነኝ አዲስ ቱቦ ገዝቼ ቀየርኩ። የላላውን ክዳንም አብሬ ለወጥኩ፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር ተራ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ ክዳን እዚህ ከቆላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ማታ ወደ ማራኪ ስነዳት ጠቋሚው ከመካከል አላለፈም።