ቾኩን አትግዙ፦ ከስላግ ጋር የታገልኩበት ወቅት

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ደሴ መጣና «ጋሼ፣ ለአባዬ ሾትገን ያንን ጠመዝማዛ ቾክ ከአሜሪካ አስመጣልን» አለኝ። ቾክ የሾትገን አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚጠመድ ቁራጭ ቱቦ ነው፤ ጠመዝማዛ የሚባለው ውስጡ ቦይ የተቀረጸበት ነው። ስላግ ደግሞ በጥቃቅን እርሳስ ፈንታ ከሾትገን የሚተኮስ አንድ ወጥ ጥይት ነው። ይህን የምጽፈው እኔን ያኔ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ኢሊኖይ እያለሁ አጋዘን ለማደን ኮርሱን ወሰድኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው) ሾትገን ገዛሁ። ጣጣው የመጣው ከጥይቱ ነው። ሻጩ «ምርጡ ሳቦት ነው» ብሎ ውዱን ሸጠልኝ። የጠመንጃህ አፈሙዝ ውስጡ ልሙጥ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሳቦት በፕላስቲክ ቅርፊት የተያዘ ስላግ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ሲያሽከረክረው ነው። ከልሙጥ አፈሙዝ ሲወጣ አየር ላይ ይገለባበጣል። በ50 ሜትር አምስት ተኮስኩ። ሁለቱ ወረቀቱን ጭራሽ አላገኙትም። አንዱ በጎኑ ገብቶ ረጅም ቀዳዳ ቀደደ። ትከሻዬ በልዞ፣ ብሬ አልቆ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ጠመዝማዛውን ቾክ ገዛሁ። ጫፉ ላይ የሚጠመድ የጥቂት ሴንቲሜትር ቁራጭ ነው። ጥይቱ እዚያ የሚደርሰው ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ነው፤ በዚያች ርቀት ምን ያህል ይሽከረከራል? ትንሽ ተሻሻለ፣ ግን በተኮስኩ ቁጥር እየላላ አስቸገረኝ። ማሸጊያው ለስላግ ነው ይላል። እኔ ግን አትግዙት እላለሁ።

ልሙጥ ካላችሁ ካርል ፎስተር በ1931 እ.ኤ.አ. የሠራውን ዓይነት ርካሽ ስላግ ተኩሱ። ፊቱ ከባድ፣ ኋላው ክፍት ስለሆነ ሳይሽከረከርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰፋ ያለ ልሙጥ ቾክ ይሁንለት። ለ50 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ለራቀ ሙሉ ጠመዝማዛ አፈሙዝ ግዙ፣ ሳቦቱንም ለእሱ አድርጉት። ፎስተሩን ግን በእሱ አትተኩሱ፤ እርሳሱ ቦዩን ይሞላዋል። እኔ አፈሙዙን ከቀየርኩ በኋላ 100 ሜትር ላይ ሦስቱም ጥይት በመዳፌ ልክ ገቡ። ያን ወረቀት እስከ አሁን አስቀምጬዋለሁ።

እሁድ ኮምቦልቻ ወርጄ የአጎቴን ጠመንጃ አየሁት። የቆየ ባለ ሁለት አፍ ነው። ጫፉ ጥርስ የለውም፣ ቾክ አይጠመድበትም። ልጁ «አብሽር፣ ቶርኖ ቤት ያወጡለታል» አለኝ። በጣም ተቆጣሁ። ያ ብረት ስስ ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ይባስ ይሳሳል፣ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። የሚይዘው ደግሞ አጎቴ ነው። ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ቁልፉን ለራሱ ለአጎቴ ሰጠሁት።