ጎጆ ሲወጣ ምን ሰጣችሁት?

ባለፈው ጥር ለጥምቀት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ እናቴ ስልኬ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አይታ ማንነቱን ጠየቀችኝ። ፎስተር ኬር ከሚባለው የመንግሥት ሥርዓት ተቀብለን እኔና ባለቤቴ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ዓመት በአደራ ያሳደግነው ልጅ መሆኑን፣ 18 ዓመት ሞልቶት በኅዳር ለብቻው ቤት መከራየቱን ነገርኳት። እናቴ የምትፈትለውን የበግ ጠጉር አስቀምጣ፣ “ታዲያ ጎጆ ሲወጣ ምን ሰጣችሁት?” አለችኝ።

በመንዝ ልጅ ጎጆ ሲወጣ እንደ ቤተሰቡ አቅም በሬ ወይም በግ፣ ካልሆነም ዘርና ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ይሰጠዋል፤ የጎደለው እንደሆነም የሚመለስበት ደጃፍ አለው። እኔ የቆጠርኩላት ግን በአብዛኛው ወረቀት ነበር። ሕጉ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ (ለሥራና ለግብር የሚያስፈልገው መለያ ቁጥር ያለበት)፣ መታወቂያውና የሕክምና መዝገቡ በእጁ እንዲገቡ ያዛል፤ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥም የመኖሪያውና የሥራው ዕቅድ ከራሱ ጋር ተመክሮበት ይጻፋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የወጣ ሕግ ክፍላተ ሀገሩ ድጋፉን እስከ 21 ዓመት እንዲያራዝሙ በር ስለከፈተ፣ የሚማር ወይም በወር ቢያንስ 80 ሰዓት የሚሠራ ወጣት ሚኒሶታ ውስጥ ድጋፉ አይቋረጥበትም። ለትምህርት በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ሊያገኝ ይችላል፤ የመንግሥት የሕክምና መድንም እስከ 26 ዓመቱ ድረስ አለው። ይህን ሁሉ እናቴ በጥሞና ሰምታ፣ “መንግሥቱስ ደግ ነው” አለች።

ችግሩ የመጣው ወረቀቱ በማይደርስበት በኩል ነበር። ልጁ ተበድሮ በአግባቡ መክፈሉን የሚያሳይ የብድር ታሪክ ስለሌለው አከራዩ ዋስ ጠየቀው፤ እርሱ ደግሞ ዋስ የሚሆነው ዘመድ አልነበረውም። የማፈር ነገር ቢሆንም እውነቱን ልናገርና፣ ኪራዩን ባይከፍል ዕዳው እኔ ላይ ይወድቃል ብዬ ሳልፈርም አንድ ሳምንት ቆየሁ፤ እርሱም በዚያ ሳምንት አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ “ላሳደግኸው ልጅ ዋስ ለመሆን ሳምንት ፈጀብህ?” ብላ ዝም አለች። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ከፈረምኩ በኋላ የቤታችንን ቁልፍ እንዳይመልስ ነገርነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ለማጠብ ይመጣል፣ የመብራት ሒሳብ ሲመጣበትም ይደውላል።

ልመለስ ስል እናቴ ለልጁ የሚሆን ባና አመጣች። ባና ከባድ ነውና፣ የሻንጣዬ ሚዛን እንዳያልፍ ከበርበሬው ሁለት ኪሎ ያህል ለእህቴ ትቼ መጣሁ። ልጁ ባናውን አገላብጦ ካየው በኋላ እንዴት እንደሚታጠብ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለማላውቅ እሑድ አብረን ወደ መሐል ሜዳ ደወልን።